የእህቴ እሺታ የተጓዘበት መንገድ

ይህን የምጽፈው የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል ለማስቀመጥ እንጂ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የግድ ተወቃሽ ካስፈለገ፣ ከሚወቀሱት ሁለት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው አልጋቸው ላይ ናቸው።

ባንቺይርጋ እባላለሁ። የተወለድሁባት አገር በወንዝ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ከወንዙ ወዲህ ያለው ላይ ማዶ፣ ወዲያ ያለው ታች ማዶ ይባላል። በሁለቱም ማዶ የሚከበር አንድ ሕግ አለ፦ በአፍ የተነገረ ነገር ነፋስ ነው። ቃል ቃል የሚሆነው ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ በመልእክተኛ ተወስዶ፣ በተቀባዩ ቤት ካለው ሣጥን ላይኛ መሳቢያ ውስጥ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ በቤቱ ሣጥን አለው፤ ሣጥንም ሁሉ ላይኛ መሳቢያ አለው። የጎረቤትህ ጣሪያ ሲነድ ብታይ እንኳ "እሳት!" ብሎ መጮህ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ጽፈህ ወደ መሳቢያው ትልካለህ። እርሱም መሳቢያው ካልተቃጠለ አንብቦ ያመሰግንሃል።

መልእክተኛ የሰውን ቤት የሚያገኘው "የመንገድ ቃል" በምንለው ጽሑፍ ነው። የመንገድ ቃል ከየት እንደሚነሡ፣ በየትኞቹ ደጆች እንደሚያልፉ፣ የት እንደሚደርሱ በተርታ ይዘረዝራል፤ በአንዱ ደጅና በሚቀጥለው ደጅ መካከል ዘንግ ይሣላል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ማዶዎች ይስማማሉ። ከዚህ በኋላ የሚስማሙበት ነገር የለም።

በላይ ማዶ መንገድ ሁሉ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ይነሣል። አጥር ለአጥር ወደሚዋሰንህ ጎረቤት ለመሄድ እንኳ አስቀድመህ ዛፉ ሥር ሄደህ ትመለሳለህ። በታች ማዶ ዛፍ የለም፤ ያሉት በሮች ናቸው፤ መንገዱም ሁሉ ከሦስተኛው በር ይነሣል። አንደኛውና ሁለተኛው በር የት ሄዱ ብዬ በተማሪነቴ ጠይቄ ነበር። የትም አልሄዱም። በጥንት ዘመን የጠፍጣፋ ጋሪ መግቢያ ነበሩ፤ ጋሪው ከጠፋ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ በረኞቹ ግን ዛሬም እንደ ተቀመጡ ናቸው። የሚቀመጡትም ጋሪ ይመጣል ብለው አይደለም፤ ሦስተኛው በር ሦስተኛ መባሉ እንዳይቀር ነው።

ዘንጉም እንዲሁ ነው። ላይ ማዶዎች ወደ ፊት ያዘነበለ ዘንግ ይሥላሉ፤ ታች ማዶዎች ወደ ኋላ ያዘነበለ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን በእኛ በላይ ማዶዎች ዘንድ ወደ ኋላ ያዘነበለ ዘንግ ከጥንት ጀምሮ አንድ ትርጉም ብቻ አለው፦ "ለሚቀጥለው ጀርባህን ስጥ" ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ መልእክተኛ በታች ማዶ ሥርዓት የተጻፈ የመንገድ ቃል ሲሰጠው በእያንዳንዱ ደጅ ፊቱን አዙሮ በጀርባው ይገባል። በታች ማዶ ጎዳና እያቀረቀረ በጀርባው የሚሄድ ሰው ካያችሁ የእኛ ወገን ነውና እባካችሁ ጉድጓድ ካለ አስጠንቅቁት። በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል።

የመንገድ ቃል ሁሉ የሚወጣው ከአንድ ቢሮ ነበር፤ የቢሮው አዛዥ ደግሞ አቶ አጥናፉ ነበሩ። አቶ አጥናፉ ትጉህ፣ ትሑትና ሰው አክባሪ ናቸው። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎታቸው የጻፉት የመንገድ ቃል በሙሉ የሚጀምረው ግን ከራሳቸው አልጋ ነው። "ከአልጋዬ ተነሥተህ፣ ነጠላ ጫማዬን ተሻግረህ፣ በጓዳው በር ወጥተህ" ብለው ይጀምሩና እስከ አገሩ ዳርቻ ድረስ ይዘረዝራሉ። ሳይሞክሩም አንድም አያወጡም። አልጋቸው ላይ ይጋደማሉ፣ ይነሣሉ፣ ጫማውን ይሻገራሉ፣ የጻፉትን እየተከተሉ ይሄዳሉ፤ ሁልጊዜም ይደርሳሉ።

ሕዝቡ መልእክት አልደረሰንም ብሎ አቤቱታ ባቀረበ ጊዜ ሸንጎ ተጠራ። አቶ አጥናፉ ቀርበው፣ "እኔ ከአልጋዬ ስነሣ ይደርሳል" አሉ። ሸንጎው ሦስት ሰዎች መርጦ በአልጋው ላይ እየተጋደሙ እንዲሞክሩ አደረገ፤ ሦስቱም ደረሱ። በዚህም ችግሩ በመንገድ ቃሉ ላይ አለመሆኑ፣ ይልቁንም መልእክተኞች ከአቶ አጥናፉ አልጋ አለመነሣታቸው ተረጋገጠ። የአልጋው መቶ አርባ አምሳያ ተሠርቶ፣ ነጠላ ጫማውም እንደዚሁ፣ መልእክተኛ ሁሉ አልጋ ተሸክሞ እንዲጓዝ ተወሰነ። መልእክተኛው ድልድዩ ላይ ሲደርስ አልጋውን ያወርዳል፣ ይጋደማል፣ ይነሣል፣ ጫማውን ይሻገራል፣ ይቀጥላል። አናጢዎች ያን ዘመን ወርቃማው ዘመን ይሉታል።

አሁን ወደ እህቴ ጉዳይ ልግባ።

ታላቅ እህቴ እማዋይሽ ዘርጋው ከሚባል የታች ማዶ ድልድይ ጠጋኝ ጋር ተዋደደች። የዘርጋው ሽማግሌዎች ጥያቄ በአባታችን መሳቢያ በሰላም ዐረፈ። አባታችን ደስ ብሎት በትልቅ ወረቀት ላይ "እሺ" ብሎ ጻፈ። ሌላ ምንም አልጻፈም፤ የተቀባዩ ስም በመንገድ ቃሉ ላይ ስላለ ወረቀቱ ላይ መድገም በሕግ የተከለከለ ብክነት ነው። እሺታው ባረፈበት መሳቢያ ባለቤት እጅ ሙሽሪት ትሰጣለች፤ ሕጉ ይኸው ነው። ሌላም ሕግ አለ፤ እሺታ አራት ጊዜ ከባከነ መንገዱ ራሱ እምቢ እንዳለ ይቆጠርና ጥያቄው ለዘለዓለም ይዘጋል።

የመጀመሪያውን እሺታ የወሰዱት ጋሽ ድንበሩ ነበሩ። ጋሽ ድንበሩ ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላቸው፣ ከወፍጮው ጀርባ ከአንዲት ድመት ጋር የሚኖሩ፣ በአገሩ ሁሉ የታመኑ መልእክተኛ ናቸው። አልጋቸውን ተሸክመው፣ ወደ ኋላ ያዘነበለውን ዘንግ አክብረው፣ በአራተኛው ደጅ በጀርባቸው ገብተው ከከብቶች መጠጫ ኩሬ ውስጥ ወደቁ። አልጋው ተንሳፈፈ። እሺታው ሟሟ።

የሁለተኛው የመንገድ ቃል የተጻፈው "ለዘርጋው ቦጋለ" ተብሎ ነበር። በቢሮው ደንብ በሁለት ቃላት መካከል ክፍተት ካለ አንዱ ተቀባይ አልቆ ሌላው ጀመረ ማለት ነው። ጋሽ ድንበሩ ወረቀቱን በጥንቃቄ ለሁለት ቀደዱት፤ ግማሹን በዘርጋው መሳቢያ አኖሩ፣ ግማሹን ደግሞ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ለሆናቸው ለአባቱ ለአቶ ቦጋለ ወስደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በመቃብራቸው ራስጌ ድንጋይ አስደገፉት። ለዘርጋው የደረሰው "እ" የምትለዋ ብቻ ነበረች። "እሺ"ም በ"እ" ይጀምራል፣ "እምቢ"ም በ"እ" ይጀምራል። ምስኪኑ ሦስት ሳምንት ያችን ፊደል ሲመለከት ከረመ።

በዚያ ወራት እህቴና ዘርጋው ድልድዩ ላይ መገናኘታቸውን አላቋረጡም ነበር።

"እሺ ብለናል እኮ!" ትለዋለች።

"ሰምቻለሁ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ነፋስ ነው" ይላታል፤ መዶሻውንም ያነሣል።

ሦስተኛው የባከነው በባርኔጣ ምክንያት ነው። በላይ ማዶ ባርኔጣ የደፋ ዘርጋውና ባርኔጣ ያልደፋ ዘርጋው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ቤታቸውም መሳቢያቸውም ይለያያል፤ አንድ ሰው ባርኔጣውን ባወለቀ ቁጥር እዳና ውለታው ሁሉ ከባርኔጣው ጋር ይቀመጥለታል። በታች ማዶ ግን ባርኔጣ ባርኔጣ ነው፤ ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች አንድ መሳቢያ ይጋራሉ፤ ኋላ የመጣ ወረቀትም ፊተኛውን ያለ ጥያቄ አውጥቶ ይጥላል። ቢሮው "ባርኔጣ ለደፋው ዘርጋው" ብሎ በትክክል ጻፈ። እሺታው በሰላም ዐረፈ። አንድ ሰዓት ሳይሞላው ባርኔጣ ለማይደፋው ለሌላው ዘርጋው አንዲት በግ ጠፋችብን የሚል ማስታወቂያ መጣ፤ እሺታውንም አስወጥቶ በቦታው ተቀመጠ።

የእኛ ዘርጋው መሳቢያውን ከፍቶ ያነበበው ያንን ነው። ቅን ሰው ስለሆነ ወዲያው መልስ ጻፈ። አባታችንም ለልጁ እሺታ የመጣለትን መልስ ቤተሰቡን ሰብስቦ ጮክ ብሎ አነበበ፦ "በእውነት አላየኋትም። ባገኛት ግን አስሬ አቆይላችኋለሁ።"

"አስሬ?" አለ አባታችን። "ማንን ነው የሚያስረው?"

እህቴ ለሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። የቀረን አንድ እሺታ ብቻ ነበር።

እኔ በዚያው ሰሞን ትምህርቴን ከክፍሉ አንደኛ ሆኜ ጨርሼ ወደ መንገድ ቃል ቢሮ ተመደብሁ። የመጣሁት በሐሳብ ተሞልቼ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ሁለት ገጽ ጽፌ ለሸንጎው አቀረብሁ። ጭብጡ አጭር ነው፤ ስሕተቱ ያለው ዘንጉን ከመንገዱ ጋር አብረን በመጻፋችን ነው አልሁ። መንገድ ማለት የደጆቹ ስም ተርታ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ስም፣ ከነባርኔጣውና ከነክፍተቱ፣ በአንድ ዶቃ ላይ ይጻፍ፤ ዶቃዎቹ በክር ይሰኩ፤ ዘንግ የሚባል አይሣል። በድልድዩ በሁለቱም ጫፍ "አያያዥ" የሚባል ሠራተኛ ይቀመጥ፤ ክሩን ተቀብሎ እንደየማዶው ልማድ ዘንጉን እርሱ ያስገባ፣ መነሻውንም ዛፍም ይሁን በር እርሱ ያብጅ። መልእክተኛውም አልጋ ከመሸከም፣ በጀርባው ከመሄድ ይድናል።

ሸንጎው ሃያ ሁለቱን ገጽ ከእጅ ወደ እጅ አሳለፈ። በመጨረሻ አቶ አጥናፉ በርኅራኄ ተመለከቱኝ።

"ልጄ፣ መልካም ነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም፤ ዶቃው ከየትኛው አልጋ ነው የሚነሣው?"

"ከየትኛውም አልጋ አይነሣም፣ ጌታዬ። የማንም አልጋ አያስፈልግም።"

"እኔ ከአልጋዬ ስነሣ ግን ይደርሳል" አሉ፤ ቅር ሳይላቸው።

ያን ጊዜ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ፤ ሳቄን ለመደበቅ ነው። ይህን የምጽፈው መጻፍ ስላለብኝ ነው።

ሸንጎው ለአንድ መልእክት ብቻ እንድሞክር ፈቀደልኝ፤ በድልድዩ ሁለት ጫፍም አያያዦች ተቀመጡልኝ። የእህቴን አራተኛ እሺታ መረጥሁ።

"ባንቺ፣ ይደርሳል?" አለችኝ እማዋይሽ የዚያን ቀን።

"ይደርሳል።"

"እንዳለፈው?"

"እንዳለፈው አይደለም፤ በዕውቀት ነው።"

"ያለፈውም እኮ በዕውቀት ነበር" አለችኝና ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

ክሩን መሰካት ስጀምር ያላሰብሁት ነገር ገጠመኝ። የታች ማዶ በረኛ ሁለት መቶ ስድሳ ደጅ ድረስ ይቆጥራል፤ ከዚያ በላይ ያለውን አይሰማም። መልእክተኛው ሁለት መቶ ስድሳኛው ደጅ ላይ የያዘውን አስቀምጦ ይመለሳል፤ ደጁ የዶሮ ቤትም ቢሆን። የዘርጋው ቤተሰብ አባቶቻቸው የሠሩትን ማፍረስ ነውር ስለሆነባቸው ግቢ ውስጥ ግቢ እየሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ቤቱ ሁለት መቶ ሃምሳ ስምንተኛው ደጅ ላይ ነበር። ነገር ግን የእህቴን መምጣት ተስፋ በማድረግ፣ ለሙሽሪት ክብር ብለው፣ አምስት ግቢ ጨመሩ። ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት ሆነ።

ሁለት ቀን ተጨነቅሁ። በሦስተኛው ቀን በቢሮው ዕቃ ቤት የቆየ ማድጋ ውስጥ አንዲት የጎጆ ቅርጽ ያላት ዶቃ አገኘሁ። የጎጆ ዶቃ ከጥንት የነበረች ናት፤ ለደከመ ሰው የተፈጠረች ናት። ጥንት ለበረኛ፣ አሁን ደግሞ ለአያያዥ የሚያሳያት ሰው ምንም ሳይዘረዝር በቀጥታ ወደ ጎጆው ይመራል። ያ ሁሉ ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት ዶቃ ወደ ሦስት ወረደ፤ ጎጆ፣ ሣጥን፣ ላይኛ መሳቢያ። እንዲህ ያለ ውበት በትምህርት ቤት እንኳ አላየሁም ነበር።

ግን ያልተሞከረ ነገር አላወጣም፤ በዚህ እኮራ ነበር። ዘርጋውን ወደ ድልድዩ ጠርቼ ክሩን ሰጠሁት። ለአያያዡ አሳየ፤ አያያዡ መራው፤ ዘርጋው ሄደ። ከቀትር በኋላ እየሮጠ ተመለሰ።

"ሠራ!" አለ ከሩቅ። "ቀጥታ ወደ መሳቢያዬ!"

"ድገመው።"

ደገመው፤ ሠለሰውም። ሦስት ጊዜ ሄደ፣ ሦስት ጊዜ ደረሰ። መምህሬ "ሦስት ጊዜ የተፈተነ እውነት ነው" ይሉ ነበር፤ ይህንን ጠቅሼ በፈተና ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። በመዝገቡ ላይ "ተፈትኖ የተረጋገጠ" ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

በማግሥቱ ጋሽ ድንበሩ እሺታውንና ባለ ሦስት ዶቃውን ክር ይዘው ተነሡ። አልጋ መሸከም ከታዘዘ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አልጋ መጓዛቸው ስለነበር ጀርባዬን በረደኝ እያሉ አማረሩ። እኔ ቢሮ ቆየሁ። እህቴ ሥራ ፈትታ መጥታ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጠች፤ የነጠላዋን ጫፍ ስትቋጥርና ስትፈታ ዋለች።

ጋሽ ድንበሩ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ገቡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ደረሰ?" አልኋቸው ብድግ ብዬ።

"ደርሷል።"

እማዋይሽ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ጋሽ ድንበሩ እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ፣ ቆይ ልጄ። እልል አትበይ።"

"ምነው ጋሼ፣ ደርሷል አላሉም?"

"ደርሷል። ቤት ደርሷል።"

"የማን ቤት?" አልሁ እኔ።

"እሱን ነው እኔም የምጠይቅሽ፣ አንቺ የቀለም ቀንድ" አሉና ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። "ታች ማዶ ደረስሁ። ክሩን ለአያያዡ ሰጠሁት። ዶቃዋን አየ፤ እኔን አየ። 'ጎጆህ የት ነው?' አለኝ። 'ላይ ማዶ፣ ከወፍጮው ጀርባ' አልሁት። 'እንግዲያው ወደዚያ' አለኝ። 'ከዚያ እኮ ነው የመጣሁት!' ስለው፣ 'ዶቃዋ የያዛትን ሰው ወደ ጎጆው ትመራለች፤ የያዝሃት አንተ ነህ፤ ምኑ ነው ያልገባህ?' አለኝ።"

"እና?"

"እናማ ሄድኋ! ጎጆዬ፣ ሣጥኔ፣ ላይኛ መሳቢያዬ። አኖርሁት። ስለመድረሱም ፈረምሁ።"

"እንዴት ወደ እኔ አልተመለሱም? መሳሳቱ እየታየዎት?"

"ሠላሳ ዓመት መልእክተኛ ነኝ፤ የመንገድ ቃል ይከተሉታል እንጂ አይከራከሩትም። በጀርባህ ኩሬ ግባ ሲለኝስ መቼ ተከራከርሁ?"

መዝገቡን ገልጬ አየሁ። ሦስቱንም ጊዜ ዶቃዋን ይዞ የሄደው ዘርጋው ነበር። የሄደውም ወደ ገዛ ቤቱ ነበር። አቶ አጥናፉ ከአልጋቸው እንደሚነሡት ሁሉ እኔም ከዘርጋው እጅ ተነሥቼ፣ ደረሰ ብዬ፣ ፈርሜ ነበር።

ቀስ በቀስ ለእህቴም ገባት።

"እሺታው ያረፈው በጋሽ ድንበሩ መሳቢያ ነው?" አለች።

"አዎ።"

"ስለዚህ እኔ የምዳረው… ለጋሽ ድንበሩ?"

"ለጊዜው" አልኋት። "በሕግ ደረጃ ብቻ።"

"ኧረ እኔስ አልጠየቅሁም!" አሉ ጋሽ ድንበሩ። "ጉልበቴን ያመኛል። ማታ ማታ አንኮራፋለሁ ይሉኛል። ድመቴ ሰው አትወድም። ልጄ፣ አንቺን ንቄሽ አይደለም፤ ውብ ልጅ ነሽ። ሚስት ግን አልፈልግም!"

"እኔስ እርስዎን መች ፈለግሁ!" ብላ አለቀሰች። እርሳቸውም አብረዋት አለቀሱ።

ነገሩ በመሳቢያ ዳኛው ፊት ቀረበ። ዳኛው በሁለቱም ማዶ የተከበሩ፣ ከወረቀት ቀና ብለው ሰው የማያዩ ሽማግሌ ናቸው። አባታችን፣ ዘርጋው፣ እህቴ፣ ጋሽ ድንበሩና እኔ ተሰለፍን። አባታችን ወረቀቱ ከአንዱ መሳቢያ ወደ ሌላው ይዛወርልን ብሎ ለመነ።

"የደረሰ ቃል አይነቀልም" አሉ ዳኛው። "ላይ ማዶ ያረፈ እንዳረፈ ነው። ካረፈ በኋላ መንቀል ስርቆት ነው። ድንበሩ፣ እንኳን ደስ አለህ።"

"ምን ደስ ይለኛል!" አሉ ጋሽ ድንበሩ።

ዘርጋው ባርኔጣውን አውልቆ ያሻሽ ጀመር፤ ወዲያው ያለው ላይ ማዶ መሆኑ ትዝ አለውና ሌላ ሰው እንዳይሆን ቶሎ መልሶ ደፋው።

ከችሎቱ ቀደም ያለውን ሌሊት ሙሉ የአገሩን ልማዶች ሳስብ ነበር ያደርሁት፤ ያሰብሁትን ይዤ ተነሣሁ። በላይ ማዶ አንድ ሰው በሁለት ቦታ ቤት ሲኖረው በአንዱ ቤት ደጅ ላይ ጠቋሚ ሰሌዳ ይሰቅላል፤ ሰሌዳው "ይህ ቤት ያ ቤት ነው" ይልና የዚያኛውን ቤት የመንገድ ቃል ይዘረዝራል። ከተሰቀለበት ሰዓት ጀምሮ ቤቱ ያኛው ቤት ነው፤ እዚህ የተቀመጠ እዚያ እንደተቀመጠ ነው። እሺታው አይነቀል፣ አልሁ፤ በጋሽ ድንበሩ ደጅ ላይ ግን ወደ ዘርጋው ቤት የሚጠቁም ሰሌዳ ይሰቀል።

ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ።

"መንገዱን የሞከረው ማን ነው?"

"ማንም፣ ጌታዬ። እኔም ዘርጋውም እንድንሞክረው አልፈልግም። ማናችንንም የማያውቅ ሰው ይሂድበት።"

ከችሎቱ ደጅ አንድ ጨው ነጋዴ አህያውን ሲያጠጣ ተገኘ። ታች ማዶን አይቶ አያውቅም፤ ስለ ሠርጋችንም ደንታ አልነበረውም። ጎጆም አልጋም የሌለበትን፣ ከሦስተኛው በር የሚነሣውን ባለ ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት ዶቃ ክር ሰጠነው። ሰውየው መቶ ሃያኛው ደጅ ላይ ጫማውን ሊያስር ቆመ፤ ሲነሣ በረኛው አዲስ መንገድ የጀመረ መስሎት ከአንድ እንደገና ቆጠረለት፤ እስከ መጨረሻውም ደረሰ። ይህን መላ አስቀድሜ ለምን እንዳላገኘሁት የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ራሴን ግን ጠይቄያለሁ።

ጨው ነጋዴው በማግሥቱ ተመልሶ፣ "ሣጥን አለ፣ መሳቢያው ላይ የመዶሻ ጠባሳ አለበት፣ አንዲት ሴትዮ ውኃ አጠጣችኝ" ብሎ መሰከረ። ዘርጋው "እናቴ ናት!" ብሎ ጮኸ። ሰሌዳው ተሰቀለ። የችሎቱ ጸሐፊ ሁለት መቶ ስድሳ ሦስቱን ደጆች ጮክ ብሎ ሲያነብ እስከ ምሳ ቆየ፤ በላይ ማዶ ለንባብ ወሰን የለውም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

"እሺታው በዘርጋው መሳቢያ ዐርፏል" አሉ ዳኛው። "ከመጀመሪያውም ያረፈው እዚያው ነው።"

እህቴ ያን ጊዜ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከቢሮው ጀምሮ አፏ ውስጥ ይዛው የቆየችውን።

"እኔስ?" አሉ ጋሽ ድንበሩ።

"አንተ ምን ሆንህ?"

"ቤቴስ?"

"የዘርጋው ቤት ነው።"

"እኔ የት ልኖር ነው ታዲያ?"

"በቤትህ ነዋ" አሉ ዳኛው።

"ቤቴ የት ነው?"

ዳኛው በጣታቸው ወደ ሰሌዳው አመለከቱ።

ሠርጉ አማረ። ጋሽ ድንበሩ ጠጅ ጠጥተው፣ እስክስታ ወርደው፣ ሲመሽ ወደ ወፍጮው ጀርባ ሄዱ። ደጃቸው ላይ ቆመው ሰሌዳውን ከአንድ እስከ ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት አነበቡት። ሠላሳ ዓመት መልእክተኛ ነበሩ። ድመቷን ብብታቸው ሥር አድርገው ዞር አሉና ወንዙን ተሻግረው ወደ እህቴ ቤት ሄዱ። እስከ ዛሬም እዚያው ናቸው። ይኸውና የእህቴ ልጆች አያታችን ይሏቸዋል። ድመቷ ግን ሰሌዳ ስለማታነብ በየሳምንቱ ወደ ወፍጮው ትመለሳለች፤ በየሳምንቱም ሄደው ያመጧታል።

ከሠርጉ በኋላ ባለው ሰኞ አቶ አጥናፉ ቢሮዬ ገቡ። ሊወቅሱኝ የመጡ መስሎኝ ብድግ አልሁ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

"ሰማሁ" አሉኝ። "ለዘርጋው ሦስት ጊዜ ደረሰለት አሉኝ።"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"አይዞሽ ልጄ። አሁን ገና የቢሮው ሰው ሆንሽ።"

ወደ ደጅ ጨበጨቡ። ሁለት አናጢዎች አዲስ አልጋ ተሸክመው ገቡ፤ በራስጌው ላይ ስሜ ተቀርጾበታል። ከእግርጌውም አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ በእኔ ልክ ተቀምጧል።

ምስጋናዬን በጽሑፍ ወደ መሳቢያቸው ላክሁ። አልጋውን ግን አልተጋደምሁበትም። በአህያ አስጭኜ፣ ማንንም ከማላውቅበት ሰፈር አንድ መንገደኛ ፈልጌ፣ የሁለት መቶ ስድሳ ሦስቱን ዶቃ ክር ሰጥቼ፣ መሐል ላይ ጫማህን እሰር ብዬ አደራ ብዬ ላክሁት። ጋሽ ድንበሩ ከተሰደዱ ጀምሮ በእህቴ ቤት መሬት ላይ ነበር የሚተኙት፤ አልጋቸው የቀረው የእርሳቸው ባልሆነው ቤታቸው ውስጥ ነበርና።

አልጋው ደረሰ። ከመንገድ ቃል ቢሮ ከወጡት መቶ አርባ አንድ አልጋዎች ሁሉ ሰው እስኪነጋ የተኛበት እርሱ ብቻ ነው።